የኔታ ያሉበት ሲዲ

ባለፈው ሰሞን ለልጄ ላፕቶፕ ልገዛላት የጎንደር ፒያሳ ወርደን ነበር። ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነውና አባትነቴን ላሳይ ብዬ ነው። ሻጩ ወጣት ቀጭኑን ማሽን አገላብጦ ሲያሳየን፣ እኔ ጎኑን በጣቴ እየዳሰስኩ «ሲዲው በየት በኩል ነው የሚገባው?» አልኩት። መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ሳቀ። ልጄም ሳቀች። «አባዬ ደግሞ! ሲዲ ምን ያደርግልሃል?» አለችኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? ከሱቁ ወጣን። እሷ ስለ አዲሱ ማሽን እያወራች ቁልቁል ስንሄድ፣ እኔ ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሼ አያ ፈንታሁንን እያሰብኩ ነበር። ይህን ነገር ለሷ ነግሬያት አላውቅም። ለማንም ነግሬ አላውቅም ብል ይቀላል።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። እዚያው ፒያሳ፣ ከአንድ ዳቦ ቤት ጎን፣ ካሴትና ሲዲ የሚገለበጥበት ሱቅ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ባለቤቱ ሌላ ሥራው ላይ ስለሚውል ሱቁን የምመራው እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። የሠርግ ዘፈን፣ መዝሙር፣ ያመጡልኝን ሁሉ እገለብጣለሁ። ጠዋት ጠዋት የትኩስ ዳቦ ሽታ በግድግዳው አልፎ ይመጣና ሥራ ሳልጀምር ይርበኛል። ኮምፒዩተር ከፍቶ መዝጋት የቻለ ሁሉ ሊቅ በሚባልበት ዘመን፣ እኔ ደግሞ የሊቆቹ አለቃ ነበርኩ፤ በራሴ ግምት ማለቴ ነው። ወይ ልጅነት!

አያ ፈንታሁን የመጡት መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው። ከትክል ድንጋይ ከተማ በላይ ካለች አንዲት ደብር ነው የመጡት፤ ግማሹን መንገድ በእግራቸው፣ ግማሹን በጭነት መኪና። ክረምቱ ወጥቶ የአደይ አበባው ሜዳውን ቢሞላውም መንገዱ ገና አልደረቀም ነበርና የጋቢያቸው ጠርዝ ጭቃ ነክቶታል። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናቸው ነው። ግን የቤተ ክህነት ትምህርት ሰውን ቀድሞ ያሸመግላል መሰለኝ፣ ገና ሲገቡ «አያ» ብዬ ነው ከመቀመጫዬ የተነሣሁላቸው። አንድ እቅፍ የባቄላ እሸት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

«ሸጋ አድርጎ ይገለብጣል ያሉኝ ልጅ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ አያ። ይቀመጡ።»

ከቦርሳቸው በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ጨርቁን ሲፈቱት፣ ያን ሁሉ ጥንቃቄ አይቼ የሆነ ጽላት ነገር ይወጣል ስል አንድ ሲዲ ወጣ። ያውም የተጫጫረ።

ነገሩን ቀስ ብለው አጫወቱኝ። የዜማ መምህራቸው፣ እሳቸው «የኔታ» ብቻ የሚሏቸው፣ ነሐሴ ላይ አርፈዋል። አያ ፈንታሁን አሥራ አንድ ዓመት ከእግራቸው ሥር ተምረዋል። ዜማ በየመምህሩ የራሱ ስልት አለው፤ የየኔታን ስልት የያዙ ሌሎች ሁለት ተማሪዎች ነበሩ፤ ሁለቱም ከየኔታ ቀድመው ሞተዋል። የቀሩት አያ ፈንታሁን ናቸው። ጥር ሲመጣ ደብሩ በየኔታ የመምህርነት ወንበር ሊያስቀምጣቸው ተነጋግሯል። የቀረቻቸው የጥምቀት ዜማ ብቻ ነች፤ ታቦታቱ ሲመለሱ የምትዜመዋ ረጅሟ። እሷንም የኔታ ሊያርፉ ሳምንት ሲቀራቸው አያ ፈንታሁን በፊታቸው ከዳር እስከ ዳር አዚመዋታል። ያን ቀን ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ ዲያቆን በመቅጃ ቀዳቸው፤ ኋላም ሲዲ አድርጎ ላከላቸው። ለራሱ ቅጂ አላስቀረም። በዓለም ላይ ያለችው ይህች አንዷ ሲዲ ናት።

«ትክል ድንጋይ አንድ ሰው ቤት ማጫወቻ አለ። እዚያ አንዴ ብቻ ሰማኋት፤ ሁለት ቦታ ላይ ትዘላለች» አሉኝ። «በአዲስ ሲዲና በካሴት ገልብጥልኝ። እኛ ዘንድ ካሴቱ ይሻላል፣ በባትሪ ይሠራል። አደራህን፣ አንድም ነገር እንዳይጎድል። ያለው እንዳለ።»

«አያ፣ በኔ ይሁንብዎ» አልኳቸው። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ቀጠርኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

እንደ ልማዴ ሲዲውን ከትቼ በሙሉ ፍጥነት ስገለብጠው እንደተባለው ሁለት ቦታ ላይ ዘለለ። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ከሰዓት በኋላ ሙሉቀን መጣ። ሙሉቀን ኮሌጅ ኮምፒዩተር የሚማር ጓደኛዬ ነው፤ በሚጥሚጣ የተለወሰ ድንች በወረቀት ይዞ ሱቄ ውስጥ መቀመጥ የሚወድ። አፉን እየጠረገ አየኝና፣

«አንተ እኮ ማሽኑን በጥድፊያ ታስጨንቀዋለህ፤ እሱም ሲጨንቀው ይዋሽሃል» አለኝ።

የዚያን ዕለት የተማርኩት ዛሬም አይረሳኝም። ለካ ሲዲ ማንበቢያው ድራይቭ ጭረት ሲያጋጥመው «አላነበብኩም» ብሎ አይነግርህም። ፊትና ኋላ ያለውን ድምፅ አይቶ መሐሉን በግምት ይሞላዋል። ደግመህ አንብብ ስትለው ደግሞ ሲዲውን አያነብም፤ ቅድም በራሱ ማስታወሻ ላይ የያዘውን መልሶ ይሰጥሃል። ሙሉቀን ከፍላሽ ላይ አንድ ፕሮግራም ጫነልኝና እያንዳንዱን ነገር አስተካከለ። ፍጥነቱን ከሃምሳ ሁለት እጥፍ ወደ አራት እጥፍ አወረደው። የድራይቩን ማስታወሻ እንዳይጠቀምበት ዘጋበት። ደግሞ እያንዳንዱ ድራይቭ ከመነሻው ትንሽ ቀድሞ ወይም ትንሽ ዘግይቶ ማንበብ ይጀምራል አለኝ፤ የኔውን ልክ ለማወቅ ልኩ የሚታወቅ የፋብሪካ ሲዲ ከሰው ተውሶ አመጣና አመሳክሮ ቁጥሩን ሞላልኝ። በመጨረሻ እያንዳንዱን ቦታ ሁለት ጊዜ አንብቦ እንዲያመሳክር አዘዘው።

«አሁን ምስክር ሆነልህ» አለኝ። «ሁለቴ ጠይቀኸው ሁለቴም አንድ ዓይነት ቃል ከሰጠህ፣ ዝም ብለህ እመነው። ሲዲው ላይ ያለው እሱ ነው።»

እውነትም ማሽኑ ሙሉ ቀን እያጉረመረመ አነበበ። ዝላዩ ጠፋ። የሁለቱ ንባብ ማመሳከሪያ ቁጥር ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሆነ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም፤ ሙሉቀንን አቅፌ ሳምኩት። እሱም በማግስቱ ቤተሰቦቹን ሊጠይቅ እንፍራንዝ ሄደ።

እዚያ ላይ ብተወው ኖሮ! አንድ ቁልፍ ተጭኜ አዲስ ሲዲ ላይ ብጽፈው፣ ካሴቱንም ብቀዳው፣ አልቆ ነበር። ግን ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ መስማት ጀመርኩ። የአያ ፈንታሁን ድምፅ ወፍራም ነው፤ ዜማው ሽቅብ ሲወጣ ቀጠን ይልና ልብ ይበላል። ትንሽ እንደሄደ «ጠቅ» አለ። ደነገጥኩ። ሌላ ቦታ ደግሞ «ጠቅ»። ከዚያ ብዙ ዝም ብሎ ቆይቶ በተከታታይ ሁለቴ። ደረቅ፣ አጭር ድምፅ ነው፤ የተጫረ ሲዲ እንደሚያወጣው ዓይነት። መጨረሻ ላይ ዜማው ካለቀ በኋላ የሽማግሌ ድምፅ «ዘጠኝ» ይላል። እኔም የጾም ቀን ሆኖ ሰዓቱ ደረሰ፣ ምሳ ሊበሉ ነው ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ። አይ እኔ!

ማሽኑ ሁለቴ አንድ ዓይነት ቃል ሰጥቶ ነበር። ሙሉቀን እመነው ብሎኝ ነበር። እኔ ግን «ያለው እንዳለ» ማለት ጥርት ያለ ማለት መሰለኝ። አንድ እንከን እንኳ ቢኖር ስሜ ይጠፋል ብዬ ፈራሁ። እናም ሲዲውን አወጣሁና ያኔ ሁላችንም እንደምናደርገው የጥርስ ሳሙና ቀብቼ በጨርቅ አሸሁት። አሸሁት፣ አሸሁት፣ ጭረቱ የጠፋ ሲመስለኝ አጥቤ ከተትኩት። ድራይቩ ተንገጫገጨ፣ ጮኸ፣ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ሲዲውን በቅጡ ማንበብ እምቢ አለ። የሌላ ሰው አደራ በእጄ ተበላሸ።

ደግነቱ የተነበበው ኮምፒዩተሩ ላይ አለ ብዬ ተጽናናሁ። በዚያው ድንጋጤዬ አንድ ሌላ ፕሮግራም ከፈትኩ፤ ጠቅታ የሚያጠፋ ነው፣ አንድ ቁልፍ ነው የሚጫኑት። ተጫንኩት። ዜማው ከዳር እስከ ዳር ጸዳ። ሴቭ አደረግሁት፤ በዚያው በፊተኛው ፋይል ላይ። ስም መቀየር የሚባል ነገር በሐሳቤም አልመጣም።

ቅዳሜ አያ ፈንታሁን መጡ። መጀመሪያውን ከፍቼ አሰማኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ነቀነቁ። አዲሱን ሲዲ፣ ካሴቱንና አሮጌውን ሲዲ በጨርቃቸው ጠቀለሉ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እጅህ ይባረክ» ብለው ትከሻዬን ሳሙኝ። ስለ አሮጌው ሲዲ ምንም አልነገርኳቸውም።

በሳምንቱ፣ ሰኞ ጠዋት ሱቁን ስከፍት ደጃፉ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ፊታቸው ጠቁሯል። ሰላምታውን እንደነገሩ ካደረሱ በኋላ፣

«ወንድሜ፣ የኔታ የት ሄዱ?» አሉኝ።

«የት ሄዱ ማለት?»

«እዚህ ውስጥ ነበሩ እኮ። ካሴቱን ሦስት ጊዜ ሰማሁት። እኔ አለሁ። የኔታ የሉም።»

«አያ፣ የኔታ እኮ መጨረሻ ላይ ዘጠኝ ከማለት በቀር አንድ ቃል አልተናገሩም።»

«ቃልማ መቼ ይናገራሉ!» አሉና ዱካ በምንላት አጭር በርጩማ ላይ ተቀመጡ። «የኔታ ተማሪ ሲስት አያቋርጡም፣ አይቆጡም። በመቋሚያቸው ጫፍ ከእግራቸው ሥር ያለችውን ድንጋይ ጠቅ ያደርጓታል፣ በቃ። አንተ ዜማህን ትቀጥላለህ። ስትጨርስ ስንት ጊዜ እንደሳትህ ይነግሩሃል። ምን እንደሳትህ ግን አይነግሩህም። ሄደህ፣ ዋርካ ሥር ተቀምጠህ፣ ጠቅ ያሉበትን ቦታ እያስታወስህ ስህተትህን ራስህ ትፈልጋለህ። አቃንተህ ስትመለስ ነው የሚመርቁህ። እኔን ዘጠኝ አሉኝ። በማግስቱ ታመሙ። አልጋቸው አጠገብ ስቀመጥ እንኳ የት የት ጠቅ እንዳሉ አልጠየቅኋቸውም፤ መቅጃው ይዞልኛል ብዬ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያ ጠቅታ ሲዲው ላይ የነበረው ዋናው ነገር ነው። እኔ አጥፍቼ ያስረከብኳቸው ዘጠኝ ስህተት ያለበትን የተማሪ ዜማ ነው፤ ስህተቱን የሚያሳየው መምህር የሌለበትን። እንዲህ ሆኖ ሳለ ምን ብዬ መለስኩላቸው መሰላችሁ? «ሲዲው አርጅቶ ይሆናል፣ አያ» አልኩ። አፌ ራሱ ነው የተናገረው። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

አሮጌውን ሲዲ አውጥተው ሰጡኝ። «እስቲ ደግመህ ጠይቀው።»

ሦስት ቀን አብረን ተቀመጥን። እሳቸው ጠዋት ይመጣሉ፣ ምሽት ሲቃረብ አንድ ዘመዳቸው ዘንድ ሊያድሩ ይሄዳሉ። ጓዛቸው አንድ ከረጢት ቆሎ ነው፤ ከሱ ያካፍሉኛል። ፍጥነቱን እስከ መጨረሻው አወረድኩት። አሁን ችግሩ ሌላ ነበር። ያሸሁት ሲዲ በራሱ ጠቅታ ተሞልቷል፤ በመቶ የሚቆጠር ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። የየኔታ የትኛው ነው? እዚህ ላይ የሙሉቀን ምክር ትዝ አለኝ። እያንዳንዱን ቦታ አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ አስነበብኩት። የጭረቱ ጠቅታ በእያንዳንዱ ንባብ ቦታውን ይቀያይራል። የየኔታ ግን ሃያ ጊዜ ብትጠይቀው ሃያ ጊዜም እዚያው ነው።

የመጀመሪያውን ያገኘን ዕለት አያ ፈንታሁን ማዳመጫውን እንዳደረጉ ከዱካው ተነሡ። «ይኸዋ! ይኸዋ የኔታ!» አሉ። ወዲያው ያቺን ቦታ በለሆሳስ ደገሟት፤ አንድ ጊዜ እንደ ድሮው፣ አንድ ጊዜ ጎተት አድርገው። «ለካ እዚች ላይ ነው የቸኮልኩት። አይ እኔ!» እየሳቁ እንባቸው ወረደ። እኔም ዞር ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ። በሁለተኛው ቀን ሦስት አገኘን። አራት ሆኑ ማለት ነው። በሦስተኛው ቀን ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብንጠብቅ ምንም የለም። ሲዲ ከመሐሉ ጀምሮ ወደ ዳሩ ነው የሚነበበው፤ ያገኘናቸው አራቱ የዜማዋ የመጀመሪያ ግማሽ ላይ ያሉት ናቸው፣ ወደ ዳሩ ያለው ሙልጭ ብሎ ሄዷል። በመጨረሻ ድራይቩ ሲዲውን ማወቅም ተወ።

ያኔ መቻል አቃተኝ። «አያ፣ እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ሲዲውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ጠቅታውንም ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ጭረት መስሎኝ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉኝ፣ ቆሏቸውን እየሰበሰቡ። «ጨርቁን ስፈታው የጥርስ ሳሙና ሸተተኝ። የገጠር ሰው ነኝ እንጂ አፍንጫ አለኝ እኮ።»

«ታዲያ ምነው ሦስት ቀን ሙሉ ዝም አሉኝ?»

«ብነግርህ እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበር። እጅህን ደግሞ ፈልጌው ነበር።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ቢመቱኝም ይሻለኝ ነበር። አራቱን ስላገኘሁላቸው አመስግነውኝ፣ አሮጌውን ሲዲ በጨርቃቸው ጠቅልለው ሄዱ። ዝናብ አምልጦት የቀረ ደመና ከተራራው በኩል ነበረ፤ እስኪርቁ ድረስ ደጃፍ ላይ ቆሜ አየኋቸው።

ጥር ላይ በወንበሩ አልተቀመጡም። የደብሩ አለቃ ለመኗቸው፣ ሽማግሌ ላኩባቸው አሉ። «የማላውቀው አምስት ስህተት ይዤ ልጅ አላስተምርም» ብለው እምቢ አሉ። የሌላ መምህር ስልት ተማርና ሙላው ቢሏቸውም «የሱ የሱ ነው፣ የየኔታ የየኔታ ነው፤ አላደባልቅም» አሉ። ጥቂት ቆይቶ ተማሪዎቹ ወደሌላ ጉባኤ ቤት ተበተኑ። ጎጆዎቹን ክረምት አፈረሳቸው። ይህን ሁሉ የሰማሁት ገበያ ከሚመጡ የአገራቸው የአርማጭሆ ሰዎች ነው። እኔም ብዙ ሳልቆይ ያን ሥራ ተውኩት።

ሰው ልጅ ሆኖ ያጠፋውን ሲያረጅ ይቅር ይለዋል ይባላል። ለኔ አልሆነልኝም። ያ ሁሉ እኮ የሆነው ተንኮል ኖሮኝ አይደለም፤ እንዲያውም በሕይወቴ እንደዚያ ተጨንቄ የሠራሁት ሥራ የለም። የሚያበሳጨኝም ይኸው ነው። ማሽኑ እውነቱን ነገረኝ፤ እኔ ነኝ ከማሽኑ በላይ ላሳምረው ያልኩት። አንድ ጊዜ «አያ፣ ይቺ ጠቅ የምትለው ምንድነች?» ብዬ ብጠይቅ ምን ነበረበት? ቅዳሜ ይመጡ የለም? አሁን ሰው የሆነ ነገር ላስተካክልልህ ሲለኝ እደነግጣለሁ። ልጄ አባዬ ምነው ሁሉን ነገር ሦስት ጊዜ ትጠይቃለህ ትለኛለች።

አያ ፈንታሁን አሁን እዚሁ ጎንደር ናቸው። ከሌሎች መዘምራን ጋር በአንድ ደብር ያገለግላሉ፤ ጢማቸው ነጥቷል። በየዓመቱ ለጥምቀት ቀሐ፣ ጥምቀተ ባሕሩ ዘንድ፣ እወርዳለሁ። ሰዉ ወጣቶቹን፣ ጭፈራውን፣ ውኃ የሚረጨውን ያያል፤ እኔ እሳቸውን ፈልጌ አጠገባቸው እቆማለሁ። ሰላም ይሉኛል፣ ስለ ልጆቼ ይጠይቁኛል። ታቦታቱ መመለስ ሲጀምሩ ከሁሉ ጋር ያዜማሉ፤ ያ ወፍራም ድምፃቸው ዛሬም አለ። ያቺ ረጅሟ ዜማ ስትጀመርም አብረው ይጀምራሉ። ግማሿ ላይ ሲደርሱ ግን አፋቸውን ይገጥማሉ። ሌሎቹ ያዜማሉ፣ ያሸበሽባሉ፤ እሳቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው መሬት መሬት ያያሉ፣ እስክታልቅ።

ዘንድሮ አላስቻለኝም። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ፣

«አያ፣ ይዘምሩ እንጂ። ከሳቱስ በዚህ ሁሉ ሕዝብ መሐል ማን ያውቅብዎታል?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ቁጣ የለባቸውም።

«መሳቱንስ እሺ» አሉኝ። «ባልስትም እኮ አላውቀውም።»

መልሰው መሬት መሬት ማየታቸውን ቀጠሉ። እኔም ዜማዋ እስክታልቅ አብሬያቸው ቆምኩ።